የሚገለብጠው ያመጣው ነው

ሐሙስ 3

ክረምቱ ዛሬ ገባ። ወደ ምድር ቤት በሚያወርደው ደረጃ ውሃ ስለወረደ ጆንያ አነጠፍኩ። እንዲያም ሆኖ ሁሉም መጡ። ባሌ ከሞተ ሦስተኛ ክረምቱ ነው፤ የሐሙስ ማዳመጥ ግን አንድም ቀን አልታጠፈም።

ክፍሉ እሱ እንደተወው ነው። ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ፣ ወንበሮቹ በግማሽ ክብ የተደረደሩ። ሕጎቹም የእሱ ናቸው። ሸክላው ወይም ካሴቱ ሲዞር፣ ጎኑ እስኪያልቅ ማንም ትንፍሽ አይልም። ካለቀ በኋላ አስተያየት ከአዲሱ ሰው ይጀምርና በአንጋፋው ይዘጋል። ወደ ሌላው ጎን የሚገለብጠው ደግሞ ያመጣው ሰው ብቻ ነው፤ ሌላ እጅ አይነካውም። እኔ ሻይ አቀርባለሁ፤ ከዚያ ጥግ ይዤ የሰው ዩኒፎርም እዘመዝማለሁ። ተራ ወስጄ አላውቅም።

ዛሬ ሹፌሩ የማዕበል ባንድን ሦስተኛ አልበም አመጣ። ሲያልቅ አዲሷ ልጅ ጀመረች፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው።

«ድምፃዊው ሲዘፍን ሰው እግሩን የረገጠው ይመስለኛል።»

«እሱ እኮ ነው ውበቱ!» አለ ሹፌሩ። «ሮክ ነው እንጂ እሹሩሩ መሰለሽ? እኔ ይሄን ሰምቼ አውቶብስ ስነዳ መንገደኛው ሁሉ ቀበቶ ይፈልጋል።»

የጥርስ ሐኪሙ የሁሉም አንጋፋ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ተናገረ። ዳኛው ነው የሚሉት። «ማዕበል በዚህ አልበም ላይ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ የሰማነው ልቅሶውን ነው።»

ሳቁ። ከዚያ ክርክሩ ወደ ጊታር ተጫዋቾች ዞረ፤ ማን ይበልጣል፣ ማን በባዶ ሜዳ ተካበ። አዲሷ ልጅ ሳታውቅ፣ «የአመዳይ ጊታር ተጫዋችስ? እጁ እኮ እሳት ነው» አለች።

ዳኛው ሻዩን ፉት ብሎ፣ «ጣቱ ጥሩ ነው። የሌባ ጣት መቼም ጥሩ ነው» አላት።

አመዳይ የባሌ ባንድ ነበር። እሱ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። አንድ አልበም አወጡ። ሁለተኛውን እዚሁ ክፍል ውስጥ ቀርጸው ጨረሱ፤ የቀረጹበት ትልቁ የቴፕ ክር የተውሶ ስለነበር ሥራውን ወደ አንድ ካሴት ቀድተው ክሩን አጥፍተው መለሱ። ከዚያ ያቺ ካሴት ጠፋች። የክፍሉ ሁለተኛ ቁልፍ በጊታር ተጫዋቹ እጅ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ ከባሌ ጋር በዘፈን ድርሰት ተጣልተው ነበር። ነገሩ በእሱ ላይ ወደቀ። ረጅሙ ነበር የምንለው። ባሌ እስኪሞት አላናገረውም።

«ስምንት ዘፈን!» ይላል ዳኛው ለልጅቷ። «አራት በአንዱ ጎን፣ አራት በሌላው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት፣ እዚህች ወንበር ላይ። እንደዚያ ያለ ሥራ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።»

ዘፈኖቹን በጣቱ ሲቆጥርላት ብርጭቆዎቹን ይዤ ወጣሁ።

የሚመጣው ወር በገባ በ1፣ ሐሙስ፣ የባሌን መታሰቢያ ያደርጋሉ። ዳኛው የአመዳይን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ለሁሉም ያድላል። «ስም ሳልደብቅ ነው የምጽፈው እትዬ» አለኝ ሲወጣ። «ለጌታው ያለብን ዕዳ ነው።» ባሌን እስከ ዛሬ ሁሉም «ጌታው» ነው የሚሉት።

ዓርብ 4

ዝናብ። አሥራ ምናምን ሱሪ። ዓይኔ ደከመ። ምንም አላነበብኩም።

ማክሰኞ 8

የረጅሙ እህት መጣች። በሩን ስከፍት መርዶ ይዛ የመጣች መስሎኝ ደነገጥኩ። ሆስፒታል ነው አለች፤ ሳንባው። ጆሮውም ከተዘጋ ቆይቷል፤ ያን ሁሉ ዘመን ከአምፕሊፋየር ጎን ቆሞ። ግቢ ብላት አልገባ አለች፤ ጃንጥላዋን ይዛ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ መታሰቢያ እንዳለ ሰምቷል። አንድ ነገር ብቻ ለምኝልኝ አለኝ። ያቺ ክፍል ውስጥ ገብቼ ልቀመጥ አለ። ባልሰማም ግድ የለኝም፣ ቁጭ ልበል ብቻ።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

«እርስዎስ? እርስዎ ይፈቅዱለታል?»

ቤቱ የእኔ ነው። ቁልፉም በእኔ እጅ ነው። «እነሱን ልጠይቅ» አልኳት።

ሐሙስ 10

ጠየቅኳቸው። ዳኛው ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «ሰርቆ በላ፤ አሁን ደግሞ ሊለቀስለት ይፈልጋል?» አለ። ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። «ሰውየው ታሟል እኮ ጋሼ» ብሎ ጀመረና ዳኛው ሲያየው ተወው።

«እትዬ ራሳቸው እዚህ ተቀምጠው!» አለ ዳኛው። «ሰውየው የእሳቸውን ቤት ነው ያፈረሰው። እንዴት ዓይናቸውን ያየዋል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መርፌዬን እፈልግ ነበር። በእጄ ላይ ነበረች።

በኋላ አዲሷ ልጅ ሹፌሩ ያመጣትን የድሮ ካሴት እያገላበጠች፣ ጀርባዋ ለምን ተሰበረ ብላ ጠየቀች።

«ሆን ተብሎ ነው» አላት ሹፌሩ። «ይህቺ ትንሽ ፕላስቲክ ከተሰበረች ማሽኑ እምቢ ይላል፤ ሌላ አይቀረጽበትም። ያለው እንዳለ ይኖራል።»

«ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ቢለጠፍስ?»

«ያኔ ማሽኑ ይታለላል። ጌታውም አሮጌ ካሴት እንዲያ እያደረገ መልሶ ይቀርጽበት ነበር። በደህናው ካሴት ላይ ግን፣ እህቴ፣ ያ ነፍስ ማጥፋት ነው!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ።

ቅዳሜ 12

ማታ የስፌት መኪናዬን መሳቢያ ቆለፍኩ። ሁልጊዜም የተቆለፈ ነው። ደግሜ ቆለፍኩት።

ሰኞ 14

ዳኛው ጽሑፉን እንዳርምለት ላከልኝ። «ከእርስዎ የተሻለ አንባቢ የለንም» ብሎ ማስታወሻ ጨምሮበታል። ባሌም እንዲህ ነበር የሚኮራብኝ። ማንበቤን ያወቀ ቀን ጋዜጣ አስይዞኝ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ አስነበበኝ። «ማን አስተማረሽ?» ሲለኝ «ራሴ» አልኩት። በምን እንደሆነ አልጠየቀም። እጄን ይዞ ስቆ ስቆ ዓይኑ እንባ ሞላ።

ጽሑፉ ደህና ነው። የመጀመሪያውን አልበም ሲያወራ ይጣፍጣል፤ ቤዙን «ከመሬት ሥር የሚመጣ እግር» ብሎታል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ይህ አለ፦ «ይህን ሥራ የሰረቀው የገዛ ባልደረባቸው ነው።» ቀጥሎ የረጅሙ ሙሉ ስም፣ ከነአባቱ።

አንድ ፊደል ተሳስቶ ነበር፤ ከስሙ ላይ። አረምኩት። ሌሎች ሁለትም አገኘሁ፤ እነሱንም አረምኩ። ዓረፍተ ነገሩን ተውኩት።

ሐሙስ 17

መለስኩለት። አመሰገነኝ። ስለ ከበሮ ሲከራከሩ አመሹ፤ ምን እንዳሉ አላስታውስም። ራሴን አሞኛል።

እሁድ 20

ሆስፒታል ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ።

የረጅሙ እግር ከአልጋው ተርፎ ወጥቷል። የቀረው ነገር ሁሉ አልቋል፤ ቁመቱ ብቻ እንዳለ ነው። ራሱን ስለማይሰማ ሲያወራ ይጮሃል።

«የቤዙ ሚስት መጣች!» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አነቃው። «አረጀሽ እኮ አንቺ!»

«አንተስ» አልኩት። ከንፈሬን አይቶ ሳቀ። ትራሱ ሥር ሰው የሚጽፍለት ደብተር አለ፤ አውጥቶ ሰጠኝ።

«ሐኪሙ ጆሮህ መቼ ተዘጋ አለኝ። ባልሽ ቤዙን ከፍ ያደረገ ዕለት አልኩት። ያ ሰውዬ ተኝቶም ድምፅ ይጨምራል።»

አጠገቡ ያሉት በሽተኞች ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ሳሉ እስኪያቋርጠው። ከዚያ፣ «ስለ ሐሙሱ ምን አሉ?» አለኝ።

«ቦታ ጠቧል» ብዬ ጻፍኩ።

አነበበው። «ለሌባ መቼም ወንበር አይተርፍም» አለ፤ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ታውቂያለሽ፣ ባልሽን ቤቴ መጥተህ ፈትሽ ብዬው ነበር። ሦስት ጊዜ ላክሁበት። አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ ገባኝ፤ ፈትሾ ካጣው ይቅርታ መጠየቅ ሊኖርበት ነው። ትዕቢተኛ ነበር። እኔም ያው ነኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ የማኮርፈው ሰው አጣሁ።»

ደብተሩ በእጄ፣ እርሳሱ በእጄ። «አትድከም፣ ተኛ» ብዬ ጻፍኩና ወጣሁ።

ሰኞ 21

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ልጻፍ።

ሳገባ ፊደል አላውቅም ነበር። የጎረቤት ልጅ መጽሐፍ ይዤ «ሀ፣ ሁ» ስል ባሌ አይቶኝ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ሕፃን ወድቆ ሲነሳ እንደሚሳቀው ነው። ግን እኔ ከዚያ ወዲህ በፊቱ መጽሐፍ አልያዝኩም። እሱ ፎቅ ላይ ሲተኛ ወይም ሲወጣ ምድር ቤት እወርድ ነበር። ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ በቴፑ እቀርጻለሁ፣ መልሼ እየሰማሁ የተሰናከልኩበትን አያለሁ። በማግስቱ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። አስተማሪዬ የራሴ ድምፅ ነበር። አንድ ቀን ጋዜጣ አንሥቼ ላስደንቀው ነበር።

አሮጌ ካሴቶቹ በመደርደሪያው ላይ ክምር ነበሩ። ሁሉም ላይ የእሱ ጽሕፈት አለ። ለእኔ ሁሉም አንድ ነበር፤ የጉንዳን መንገድ። ፕላስተር አለጣጠፉን ከእሱ አይቻለሁ። የትኛዋን እንዳነሳሁ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ጎኑ ሲሞላ እኔም ማንበብ ቻልኩ። ያለ ማንም እርዳታ መጀመሪያ ያነበብኩት የልጁን መጽሐፍ አይደለም። በባሌ እጅ የተጻፉ ሦስት ቃላት ናቸው።

በዚያች ሰዓት የባንዱ ሰዎች ፎቅ ላይ ተሰብስበው ይጯጯሁ ነበር። «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» ይላል ባሌ። ወጥቼ ልናገር ደረጃው ላይ ደረስኩ። ነገ፣ ሲበርድለት፣ አልኩ።

ሐሙስ 24

መጽሐፉ ታትሞ መጣ። ሽፋኑ ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ። ዳኛው እንደ አራስ ልጅ ነው የያዘው። አዲሷ ልጅ ሦስተኛውን ገጽ አንብባ፣ «በሕይወት ያለ ሰው ነው?» አለች።

«እስካሁን» አላት።

እሁድ 27

መሳቢያውን ከፈትኩ። ትንሿን ቴፕ በዘንቢል ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ።

ካሴቷን ከዘንቢሉ ሳወጣ እሱ ከእጄ ወሰዳት። ዓይኑ ደህና ነው። «አመዳይ ሁለት፣ አይነካ» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ጀርባዋን ገልብጦ ፕላስተሩን አየ። ቴፑን ከፍቶ ራሱ አስገባትና የድምፅ ማጉያው ላይ አምስቱንም ጣቱን አሳረፈ።

መጀመሪያ ላይ ጥቂት ጊታር ቀርቷል፤ መቅረጫውን ዘግይቼ ስለተጫንኩት። ጣቱ ነቃ። «እኔ ነኝ» አለ። «ይሄ እኔ ነኝ! ተመልከቺ፣ እዚህ ጋ ከፍ ይላል...»

ቆመ።

«ይሄ ዘፈን አይደለም።» ጣቱን አላነሳም። «ሰው ነው። ያወራል። ያቆማል። ደግሞ ያወራል። ማነው?»

ደብተሩን ወሰድኩ። ያን ያህል ዓመት አንብቤ፣ ጽፌ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ፊደል በፊደል ጻፍኩ። «እኔ ነኝ። ፊደል ስማር። የተጻፈውን ማንበብ አልችልም ነበር።»

አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«እሱ ያውቃል?»

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ።

«ሳያውቅ ሞተ?»

«አዎ» ብዬ ጻፍኩ።

«እንግዲህ ሌባ እንዳለኝ ነው የሞተው።»

ይህን ሲል አልጮኸም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ዝናቡ መስታወቱን ያጥባል። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። በኋላ፣ «ለመሆኑ ጥሩ አንባቢ ወጣሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ይሁን። አንድ ነገር ወጥቶበታል።»

ይቅር አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ጣቱ ግን እዚያው ድምፄ ላይ ነበር፤ ነርሷ ሰዓት አልቋል እስክትል ድረስ፣ ጎኑም ሳያልቅ። ዘንቢሌን ሳነሳ፣ «ሐሙስ አሰሚያቸው» አለ። «እህቴ ትወስደኛለች። እኔ ቁጭ ብዬ ፊታቸውን አያለሁ። የዳኛውን በተለይ!» ሳቀ። ሳሉ ተከተለው።

ረቡዕ 30

ማለዳ ሞተ። እህቱ ልጅ ልካ አስነገረችኝ።

ሐሙስ 1

የቀብሩ ጭቃ ጫማዬ ላይ ሳይደርቅ ነው ወንበር የደረደርኩት። በየወንበሩ ላይ ጥቁሯ መጽሐፍ ተቀምጣለች። የረጅሙን እህት ነይ ብዬ ነበር፤ ጥቁር ለብሳ መጣች። ዳኛው አያት፤ መቼም ሐዘንተኛ ነችና አልከለከላትም። ሹፌሩ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት፣ መጽሐፏንም ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተ።

የአመዳይን የመጀመሪያ አልበም ሰሙ። ልጅቷ አስተያየት ሰጠች፣ ሹፌሩም፣ ሌሎቹም። ዳኛው ሊዘጋ ሲነሣ፣ «ተራ እወስዳለሁ» አልኩ።

«በመጨረሻ!» አለ ዳኛው። «በየትኛው ባንድ እንደሚጀምሩ እስቲ እንይ።»

ካሴቷን አስገባሁ። ያቺ ጥቂት ጊታር ስትመጣ ዳኛው ከወንበሩ ተነሣ። አፉ ተከፈተ። ሕግ ሕግ ነውና አልተናገረም። ከዚያ የእኔ ድምፅ መጣ፣ ወጣት፣ በእያንዳንዱ ፊደል የሚደናቀፍ። «ል... ጁ... ወ... ደ...»

ማንም አልተነፈሰም። ባሌ ያወጣው ሕግ እኔን ጠበቀኝ፤ ወይም ቀጣኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያን አነባበብ ተቀምጠው ሰሙ። ባሌን ሲቀብሩ እንኳ እንዲህ ዝም አላሉም። ወደ መጨረሻው ገደማ የረሳሁት ነገር መጣ። ከላይ፣ ከደረጃው፣ የባሌ ድምፅ፦ «አንቺ! ከማን ጋ ነው የምታወሪው?» የእኔም፦ «ከማንም! መጣሁ!» ሹፌሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ቀጭ ብሎ ቆመ።

አስተያየት ከአዲሷ ልጅ ይጀምራል። «እኔ... የምለው የለኝም» አለች። ሹፌሩም ራሱን ነቀነቀ። ወረፋው ዳኛው ጋ ደረሰ። መጽሐፏ ጉልበቱ ላይ ተከፍታለች፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ። ስለ ረጅሙ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ስለ እኔም። «አራት በአንዱ ጎን፣ አራት በሌላው» ብቻ አለ።

«ሌላው ጎን ባዶ ነው» አልኩ።

«ገልብጠው ሰምተውታል?»

የቴፑን ገመድ አስተካከልኩ።

«እትዬ፣ ገልብጠውት ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

ልጅቷ እጇን ወደ ቴፑ ዘረጋች። ዳኛው ያዛት። «ተይ። የሚገለብጠው ያመጣው ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት መሳቢያው ውስጥ ተኝታ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስቆልፍባት፣ ስለዚያኛው ጎን አስቤ አላውቅም ብዬ ነው ራሴን ያሳመንኩት። ገለበጥኳት። ተጫንኩት።

አራቱም ነበሩ። ከበሮው፣ የባሌ ቤዝ፣ ከበላያቸው ደግሞ የረጅሙ ጊታር፣ እንደ ልጅ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ። አንድም አልተነካም። ጣቴን የድምፅ ማጉያው ላይ አሳረፍኩ፤ ይንቀጠቀጣል፣ እስከ ክርን ይሰማል። ለሰው ጣት ይበቃል።

ዓርብ 2

ዳኛው መጽሐፎቹን ሰብስቦ በዝናቡ ተሸክሞ ሄደ። አልተሰናበተኝም።

የረጅሙ እህት ካሴቷን ልትወስድ መጣች። ዛሬ ገባች፤ ግን አልተቀመጠችም። ከመስጠቴ በፊት ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩት። ደርቆ ስለነበር በትንሽ በትንሹ ነው የተነሣው።

እስክጨርስ ቆማ አየችኝ። «እትዬ» አለች፤ «እሁድ ዕለት፣ እሱ ጣቴን አሳረፍኩ ያለኝ ጊዜ፣ ዘፈኖቹ ያሉበት ይሄኛው ጎን ካሴቷ ላይ ነበረ?»

«ነበረ» አልኳት።